በቄስ ሽፈራው ስም የተቀዳው ደሜ

ይህን ነገር ባለቤቴ እንኳን አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አብሬው ስበላ፣ ስጣላና ስታረቅ አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። ለእናቴም አልነገርኳትም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲከብደው ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል። እኔ ግን ወዴት ልሂድ? የንስሐ አባቴ ቄስ ሽፈራው ናቸው፤ የበደልኩትም እሳቸውን ነው። በየዓመቱ እፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ስዘረዝር ኖሬ፣ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እያልኩ ተነስቻለሁ። ሌላ ነበረ። ከሁሉ የሚብሰው ሌላው ነበረ።

አዝኜ፣ ተክዤ የምኖር ሴት እንዳልመስላችሁ። ደስተኛ ነኝ። ቤቴ ሞቅ ያለ ነው፣ ሥራዬን እወዳለሁ፣ ባለቤቴ ቢያንኮራፋም ደግ ሰው ነው። ልናገር የተቸገርኩትም በዚሁ ደስታዬ ምክንያት ነው፤ ከበደሌ ጋር አንድ ላይ ነው የመጣው። ሰው ያስደሰተውን ነገር እንዴት አድርጎ ይናዘዛል?

ተወልጄ ያደግሁት መንዝ፣ ዘመሮ ነው። ነገሩ የሆነ ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ደብረ ብርሃን የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ እሠራ ነበር። ከጌታቸው ጋር ከተጋባን አራት ዓመት አልፎናል፤ ልጅ ግን አልነበረንም። ዘመድ ሰላም ሲለኝ መጀመሪያ ሆዴን፣ ቀጥሎ ፊቴን እንደሚያይ እያወቅሁ እንዳላወቅሁ ማለፍ ለምጄ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ የጥናት ቡድን፣ የልብ ድካም በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገምባቸውን ሰዎች ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ፈልጎ ደማቸውን ሊመረምር ተነሳ። አገሩን የሚያውቅ ባለሙያ ሲያፈላልግ እኔን አገኘ።

የሚፈለገው በደም ውስጥ የሚገኝ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባል ነገር ነበር። ለአባቴ ያስረዳሁትን ለእናንተም ልድገመው። በሰውነታችን ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ሕዋስ ሥራዋን የምትሠራው ከዋናው የዘር መጽሐፍ እየተገለበጠ በሚላክላት ትእዛዝ ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤ ትእዛዙን በመንገድ ላይ አግኝቶ «ይህ ይቅር፣ ይህ ይበቃል» የሚል ደቃቅ ነገር ነው። ልኩን ሲያልፍ መሠራት ያለበት ይቀራል፤ ሲያንስ ደግሞ መቅረት ያለበት ይሠራል። ያን ጊዜ ልብ ይደክማል፣ ዕጢ ይበቅላል። ደግሞም ከየአካሉ እያመለጠ ደም ውስጥ ስለሚገባ፣ አንድ ብልቃጥ ደም የቀዳ ሰው የልብን ወይም የጉበትን ወሬ ሳይቆርጥ ሳይቀድድ መስማት ይችላል። አባቴ ይህን ሰምቶ «ሐሜተኛ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በእኔ ላይ እንደሚያወራ በምን አውቄ?

የጥናቱ ደንብ ከታማሚው ጋር አንድ ጤነኛ ወንድሙ ወይም እህቱ ደም እንዲሰጥ ነበር። ዘመሮ አጠገብ አቶ ተክሌ የሚባሉ በልብ ድካም የተያዙ ገበሬ ነበሩ። ጤነኛ ወንድማቸው ቄስ ሽፈራው ናቸው፤ ያን ጊዜ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፣ ዳገት ሲወጡ ከኋላቸው የምንከተለው እኛ ነበርን የምናለከልከው። ቀጠሮ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። የፈቃድ ቅጹን ያስፈረምኳቸውም እኔ ነኝ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው መጡ፤ የመጡት ግን ደም ሊሰጡ አልነበረም።

«የሺዬ፣ ሰሙነኛ ነኝ እኮ» አሉኝ። «እሑድ አስረክባለሁ። ሰኞ ነይና እንኳን ደሜን፣ ክንዴንም ቆርጠሽ ውሰጂ።»

ሰሙነኛ ማለት በዚያ ሳምንት የመቀደስ ተራው የደረሰው ካህን ነው። ደም የፈሰሰው ካህን ደግሞ ቤተ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም፤ የመርፌ ቀዳዳም ብትሆን ደም ደም ናት። ይህን ከሌላ አገር የመጣ ሐኪም ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን የመንዝ ልጅ ነኝ! አጎቴ ዲያቆን ነበር። ቀጠሮ ስይዝ «አባ፣ ሰሙንዎ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ እንዴት ይጠፋኛል? ጠፋኝ። እየቸኮልኩ ነበርና ጠፋኝ።

መኪናው ከምሳ በኋላ ይመለሳል። ብልቃጦቹን የያዘው የበረዶ ሳጥን ተዘጋጅቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለቡድኑ መሪ «የኔን አገር ሰው ለኔ ተዉት፣ አንድም ሰው አይጎድልም» ብዬ ስጎርር የሰነበትኩት እኔ ነኝ። አሁን ሄጄ «መጠየቅ ረስቼ ነው» ልበል? ሰኞ በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ ብቻዬን በአውቶቡስ ልመለስ? አዎ፣ ማድረግ የነበረብኝ ይህንኑ ነበር። አራት ቀን ብቻ መታገሥ ነበር።

አልታገሥኩም። ሌሎቹ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ «ጨጓራዬ ተነሥቶብኛል፣ ምግብ አላሰኘኝም» ብዬ ቀረሁ፤ እውነትም ሰሞኑን ያቅለሸልሸኝ ነበር። በሩን ዘጋሁ። ማሰሪያውን ጎማ በጥርሴ ይዤ ክንዴን አሰርኩ። የገዛ ደሜን ቀዳሁ። በብልቃጡም ላይ የቄስ ሽፈራውን መለያ ለጠፍኩ። ጤነኛ ናቸው፣ እኔም ጤነኛ ነኝ፣ የጤነኛ ደም ያው የጤነኛ ደም ነው አልኩ። ዋናውን የዘር መጽሐፍ የሚያነብ ምርመራ ቢሆን ሴት መሆኔን ወዲያው ያሳብቅብኝ ነበር። እነዚህ ደቃቆች ግን የወንድ ይሁኑ የሴት ማንም ልብ ብሎ አያይም ብዬ አሰብኩ። ተንኮሌን ያሰብኩት በሙያዬ ነው። ይህ ይበልጥ ያሳፍረኛል።

ከአንድ ወር በኋላ ውጤቱ መጣና የቡድኑ መሪ ሁላችንንም ሰበሰቡን። ረጋ ያሉ፣ ትልቅ ሐኪም ናቸው። ከጤነኞቹ መካከል በአንደኛው ሰው ደም ውስጥ እንግዳ ነገር ታይቷል አሉ፤ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ጨርሶ የማይጠበቁ ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ተትረፍርፈው ተገኝተዋል። «እነዚህን የምናውቃቸው ከሁለት ቦታ ነው» አሉ። «አንዱ የእርጉዝ ሴት የእንግዴ ልጅ ነው። ሌላው አንዳንድ ዕጢ ነው። ሰውዬው ደግሞ ቄስ ስለሆኑ እርጉዝ አይደሉም።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። 

እጄ ሳላዝዘው ወደ ሆዴ ሄደ። ጨጓራ ያልኩት ማቅለሽለሽ፣ ወር አበባዬ ድሮም ስለሚዛባ ያልቆጠርኩት ቀን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ወደ ላቦራቶሪዬ ሄድኩና ለሌላ ሴት በቀን አሥር ጊዜ የማደርገውን ምርመራ ለራሴ አደረግሁ። ሁለት መስመር። ሽንት ቤት ገብቼ አፌን በጋውኔ ይዤ አለቀስኩ። ደስ አለኝ። ይህን አልደብቃችሁም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እዚያው ደስታዬ መሐል ቄስ ሽፈራው በሌሉበት ዕጢ እንደተፈረደባቸው አውቅ ነበር። ሁለቱንም በአንድ ልብ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ለባለቤቴ የነገርኩት አንዱን ብቻ ነው።

በማግስቱ ለምን አልተናገርኩም? ሥራዬን እንዳላጣ። የሙያ ፈቃዴን እንዳልነጠቅ። የእርግዝናዬ የመጀመሪያ ወሬ በውርደት እንዳይጀምር። ደግሞም ለራሴ የነገርኩት ነገር ነበር፤ ይመረመራሉ፣ ምንም አይገኝባቸውም፣ ጉዳዩ ያልቃል፣ ማን ተጎዳ? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ያለ ጎበዝ ጠበቃ ነው!

የአገር ልጅ ስለሆንኩ መርዶውን እንዳደርስ የተላክሁትም እኔው ነኝ። ቄስ ሽፈራው አውድማ ላይ ገብስ ሲከምሩ አገኘኋቸው። ደምዎ ውስጥ ምልክት ታይቷል፣ ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ ከተማ መጥተው መታየት አለብዎት አልኳቸው። መንሹን ቀስ አድርገው መሬት አኖሩት። ደሜን መቼ ሰጠሁ ብለው ይጠይቃሉ ብዬ አስቤ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሰሙናቸውን ካስረከቡ በኋላ፣ ከቆላ ሲመለሱ ጤና ጣቢያው ለወባ ምርመራ ከጣታቸው ጥቂት ወስዶ ኖሮ፣ እሱ መሰላቸው። አላረምኳቸውም። ቀና ብለው አዩኝና፣ አራት ዓመት ሙሉ ባገኙኝ ቁጥር የሚሉኝን ያን ቀንም አሉኝ፤ «ማኅፀንሽን ይባርክልሽ ልጄ።» ማኅፀኔ ተባርኮ ነበር። እፊታቸው ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር የሳቸው ነው፤ የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ሆዳቸው በአልትራሳውንድ ታየ፤ አልጠራም ተባለ። ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ ወረፋው ረዘመ። ሰሙናቸውን ለሌላ ቄስ አስረከቡ። ሚስታቸው እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሄድ ጀመሩ፤ ባላቸው በሕይወት እያሉ። ቄስ ሽፈራው ጠዋት ጠዋት ወደ ሚካኤል ጠበል እየወረዱ ይጠመቁ ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን ሆኜ ለልጄ የሹራብ ኮፍያ እሠራ ነበር።

በጥር ወር ልጃቸውን አፀደን ዳሩ። አፀደ የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማር ነበር። ግሼ ውስጥ ራቤል ከሚባል ከተማ ለሆነ ልጅ ታጭታ ነበር፤ ስምምነቱ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ኮሌጅ ገብታ፣ ከዚያ በኋላ ነበር። አባቷ «ሳልሞት ልዳርሽ፣ ዓይኔ እያየ» አሏት። የሚሞት አባት ሲለምን ማን እምቢ ይላል? ሠርጉ ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። ስድስት ወር የሞላው ሆዴን ይዤ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ፣ በላሁ፣ አጨበጨብኩ። አፀደ ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ስማ አለቀሰች፤ ሙሽራ ሁሉ ያለቅሳልና ማንም አልደነቀውም። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት «ጎበዝ ተማሪ ነበረች አሉ» አሉኝ። እኔም «አዎ፣ ትገርማለች» አልኩ። እንዲህ ነበር ያልኩት።

በየካቲት የአዲስ አበባው ምርመራ ምንም ዕጢ የለም አለ። የቡድኑ መሪ ግራ ተጋቡና ያን ብልቃጥ ከጥናቱ አወጡት። ቄስ ሽፈራው ግን ግራ አልተጋቡም። ሚካኤል ዕጢዬን ነቅሎ ጣለልኝ አሉ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ዓውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ይመሰክራሉ፤ ሕዝቡ እልል ይላል። ሁለት ጊዜ እዚያው ነበርኩ። እልል ብያለሁ። ልጄ ማርታ በግንቦት ተወለደች፤ በሰማንያ ቀኗ ያጠመቋት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ዓቢይ ጾም እንደ ልማዴ ልናዘዝ ሄድኩ። ማርታን ይዣት ነበር። ቄስ ሽፈራው አሁን ሰባ ደርሰዋል፤ መቋሚያው ካልደገፋቸው አይራመዱም። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «ያን ጊዜ ሚካኤል ዕድሜ የጨመረልኝ ይቺን እንዳጠምቅ ነው» አሉ። ከዚያ ማርታ ወጥታ ከደጅ ስትጫወት ወደኔ ዞሩና «ሌላስ?» አሉ። እዚያ ላይ «ሌላ የለም» ማለት አቃተኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎማውን፣ ጥርሴን፣ መለያውን፣ ሁለቱን መስመር። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሱ ብዬ ቀና ስል፣ ሳቅ ይዟቸው ነው።

«ታዲያ እርጉዝ ነበርኩ ማለት ነዋ!» አሉ። እስኪያስላቸው ሳቁ። «አሥር ዓመት ሙሉ ዓውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ያንቺን ሆድ ስመሰክር!»

እኔም በእንባዬ መሐል ሳቅሁ፤ በቃ፣ ተገላገልኩ ብዬ። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ቀስ በቀስ ጨረሱና ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። መጪው ኅዳር ራሳቸው ቆመው የተናገሩትን እንደሚያርሙ፣ ለጥናቱ መሪ ሐኪምም እኔ በእጄ ጽፌ ማሳወቅ እንዳለብኝ ነገሩኝ። ለመፍታት መስቀላቸውን ያነሳሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አላነሱትም።

«የኔ የኔ ነው፤ ትቼዋለሁ» አሉኝ። «ሦስት ወር ፈርቻለሁ፣ ሦስት ወር ጸልያለሁ፣ አልከሰርኩም። ግን የተዳረችው አፀደ ናት። የሷን እኔ ይቅር ልልሽ አልችልም። ራቤል ሂጂ። ከሷ ሳትመለሺ አልፈታሽም።»

ለሐኪሙ የጻፍኩት ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ሄደ። ራቤል ለመሄድ ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሥራ በዛ አልኩ፣ ዝናብ መጣ አልኩ። ያው የድሮው ጠበቃ ነው። በመጨረሻ ባለፈው ቅዳሜ በአውቶቡስ ሄድኩ።

አፀደ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የበግ ጸጉር ስትፈትል አገኘኋት። ሦስት ልጆች አሏት። ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ባሏ ከብት ሊያጠጣ ሄዶ ነበር። «እትዬ የሺ! ምን እግር ጣለሽ!» ብላ አቅፋ ሳመችኝ፣ ጠላ ቀዳችልኝ። አልጠጣሁም። ቆሜ ልናገር ስል በግድ አስቀመጠችኝ፤ ተቀምጬ ተናገርኩ። ለአባቷ ሳወራ የረዳኝ ሳቅ እዚህ አልነበረም። ደሜን በአባትሽ ስም ቀዳሁ፣ አባትሽ ሳይታመሙ ታመሙ፣ አንቺ ጊዜሽ ሳይደርስ ተዳርሽ፤ እያወቅሁ ሠርግሽ ላይ አጨበጨብኩ አልኳት። ይህን ሁሉ ስል እንዝርቱ አልቆመም። አንድ ጊዜ ብቻ ክሩ ተበጠሰባት፤ ምራቋን ነክታ ቀጠለችው።

ስጨርስ ተቆጪ፣ ስደቢኝ ብዬ ለመንኳት። አልተቆጣችም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝም። ሩቅ ወዳለው ወደ ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ አየት አደረገችና፣

«ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» አለችኝ።

«አራተኛ» አልኳት።

«እኔ ከአሥራ አንደኛ ነው የቀረሁት» አለች። «እሷን እንዳታስቀሪያት።»